ዓይኑ የዘገየ ሥዕል

ለምወድህ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ያ ጉልበትህ ብርድ ሲነካው ዛሬም ያነክስሃል ወይስ ተሻለው? ጥርስህንስ አስነቀልከው ወይስ አሁንም ሐኪም ባየህ ቁጥር መንገድ ትቀይራለህ? እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። ከወገቤ በቀር የሚያመኝ የለም፤ እሱም ቆሜ ስለምውል ነው እንጂ እርጅና ነው እንዳትል። በአምስት ዓመት እንደማንስህ አትርሳ።

ያዘዝከኝን ሥዕል ሠርቻለሁ። ሠርቻለሁ ስል ግን ሙሉ እውነት አይደለም፤ እሱን ነው የምነግርህ። ይህን ደብዳቤ ሥራ ቦታ ከሰው መሀል ሆነህ እያነበብከው ከሆነ እጠፈውና ቤትህ ስትገባ ቀጥል። ተቀምጠህ ብታነበው ደግሞ ይሻላል።

ከሁለት ወር በፊት የጻፍክልኝን አልረሳሁትም። የቀድሞ ሚስትህን፣ የእኔን የሥራ ጓደኛ፣ በገዛ ቤቷ ከነዕቃዋ ስዬ እንድልክልህ ለመንከኝ። ለማን እንደሆነ አትንገሪያት አልክ። ቤቷን ሳይ ለእኔ ቦታ ይኑር አይኑር አውቀዋለሁ፤ ካለ ተነሥቼ እመጣለሁ፣ ከሌለ ግን ዳግመኛ ስሟን አላነሳም አልክ። መጀመሪያ ሳቅኩብህ። መሬት ቀያሽ አይደለህ፣ የሴትዮዋንም ልብ ከሩቅ ለክቼ ልወቅ ማለትህ ነው ብዬ። ቀጥሎ ግን አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ ወደ ታች ስትወርድ ታገኘዋለህ።

ለማኅበራችን ዐውደ ርእይ ነው፣ ሠዓሊዎችን በየቤታቸው እየሳልን ነው ብዬ ዋሸኋት። ካላሳመርሽኝ ብቻ ነው የምቀመጥልሽ አለች። እሺ አልኩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየሄድኩ ልሠራ ተስማማን።

ቤቷን ልንገርህ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሰፊ ክፍል ነው፤ ከጀርባው ሁለት ሰው የማያስቆም ማድቤት አለው። ሸራዎቿ ሁሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው እንደተቀጣ ተማሪ ተደርድረዋል። የሸራ ማቆሚያው ላይ የታጠበ ሸሚዟ ተዘርግቷል። ብሩሾቿ በባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ናቸው፤ ከጎኑ ሌላ ቆርቆሮ አለ፣ በእሱ አበባ ተክላበታለች፣ አንዳንዴ ተሳስታ የቀለም ማቅጠኛው አኳራጅ የነካው ብሩሽ እዚያ ትሰካና ቅጠሉ ይደርቃል። ወለሉ ላይ የነጠበውን ቀለም በተመለከተ አከራይዋ በወር በወሩ ትነጫነጫለች። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ሥዕል ስለምታስተምር እጅጌዋ ላይ ሁልጊዜ የጠመኔ ብናኝ አለ። አንተ ልታውቀው የምትፈልገውንም ልንገርህ፦ የወንድ ጫማ የለም፣ የወንድ ኮት የለም። ምላጭ አይቼ ክው አልኩ፤ ለካ እርሳስ የምትቀርጽበት ነው።

መስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ሳልኳት። መቼም ታውቃታለህ፣ እጇ ሥራ ካልያዘ አትቀመጥም። የተማሪዎቿን እርሳስ ከረጢት ሙሉ ይዛ መጥታ እየቀረጸች፣ ቅራፊው ጭኗ ላይ እየተከመረ ተቀመጠችልኝ። ተቀምጣም አላረፈችም። ጥላው ላይ አረንጓዴ ጨምሪበት ትለኛለች። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ፤ የሰው ቆዳ ጥላው አረንጓዴ ነው ብላ የያዘችውን ዛሬም አልለቀቀችም። አንተን አረንጓዴ አድርጋ ስላህ ሦስት ቀን ያኮረፍከውን ታስታውሳለህ? እኔ አስታውሳለሁ፣ ታማሚ አስመሰለችኝ እያልክ በየሰዉ ቤት ከሰስካት።

አሁን አንድ ነገር ላስታውስህ። እኔ ሥዕል የምጀምረው ከዓይን ነው። ሌላው ሰው ንድፉን ይነድፋል፣ ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ አገጩን ያበጃል፣ ዓይኑን ወደ መጨረሻ ያቆየዋል። እኔ ግን ባዶው ሸራ ላይ መጀመሪያ ሁለት ዓይን ካላስቀመጥኩ አይሆንልኝም። የሥዕል አስተማሪያችን ሲቆጡኝ እንኳ አልተመለስኩም። በዚህ የተነሣ እሷ ዓይን አውጣ እያለች ትጠራኝ ነበር፣ እየሳቀች።

በዚህ ሥዕል ግን በመጀመሪያው ቅዳሜ ወንበሩን ሠራሁ። በሁለተኛው ቅዳሜ መስኮቱን፣ እጆቿን፣ የእርሳሱን ቅራፊ፣ የጠመኔውን ብናኝ። ፀጉሯንም ሠራሁ፤ ሸብቷል፣ አልደበቅኩትም። ዓይኗ ያለበት ቦታ ግን ሁለት ቡናማ ጥፍጥፍ ብቻ ሆኖ ቀረ። አከራይዋ ወሬ ልትለቅም ገብታ አየችና፣ ምነው እናቴ፣ ይቺን ምስኪን ዓይኗን ነሳሻት አለችኝ። ሁላችንም ሳቅን። እኔ የሳቅኩት ከጥርሴ ነበር።

የዚያኑ ቀን አከራይዋ እንደወጣች ጓደኛዬ ሳልጠይቃት አንተን አነሳችህ። ወንድምሽ ደህና ነው ወይ አለች። ደህና ነው አልኳት። እርሳሱን ሳትለቅ፣ ያኔ እንደሄደ አንድ ቃል ቢጽፍልኝ ኖሮ ሥራ ክፍላችንንም ሸራውንም ጥዬ ወደ እሱ እሄድ ነበር አለችኝ። አንድ ቃል ብቻ። በስድስተኛ ወሩም ሆነ በዓመቱ፣ መቼም ቢሆን። አልጻፈም፣ እኔም ለምኜ የምሄድ ሰው አይደለሁም፣ እንዲሁ ቀረ አለች። ከዚያ እርሳሷን መቅረጽ ቀጠለች።

ብሩሹን አስቀመጥኩ። ወገቤን አመመኝ ብዬ ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ደግሞ ሄጄ አንገቷን ሳሻሽል፣ የኮሌታዋን ቁልፍ ስስል ዋልኩ። አሥር ሰዓት ሲሆን እርሳሷን አስቀምጣ ተነሣች። ቅራፊውን ከቀሚሷ አራግፋ መጥታ ከአጠገቤ ቆመችና ሸራውን አየች። ብዙ አየችው። ከዚያም ሌላ ሰው ቢሆን ባልጠረጠርኩ አለችኝ። ከዓይን የምትጀምሪ ሰው ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ዳር ዳር ስትዪ ከረምሽ፤ ፊቴን ማየት አቅቶሻል፤ ምን አድርገሽኛል አለችኝ። ምን ሆነሻል አላለችም። ምን አድርገሽኛል ነው ያለችው።

እንድትቀመጥ ያልኩህ ለዚህ ነው፣ ወንድም ጋሼ።

በሄድክ በስድስት ወርህ በእኔ በኩል የላክህላትን ፖስታ መቼም አትረሳውም። ተጣልታችሁ ተለያይታችሁ፣ እሷም ቤት ቀይራ አድራሻዋን ስላላወቅከው፣ በእጇ ስጪልኝ ብለህ ላክህልኝ። ከወር በኋላ ስልክ ደውለህ ደረሳት ወይ አልከኝ። ደርሷታል አልኩህ። መልስ አለ ወይ አልከኝ። የለም አልኩህ።

አልሰጠኋትም።

እናታችን በሞተች በዓመቱ ነበር። አንተ ሄደሃል። ከእሷ ጋር የከፈትነው ሥራ ክፍል ገና መቋቋሙ ነው፣ የመጀመሪያው ዐውደ ርእያችን ሊከፈት ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ይለቅና እሰጣታለሁ አልኩ። አለቀ። ሰኞ እሰጣታለሁ አልኩ። ከዛሬ ነገ ስል ሰኞው ወር ሆነ፣ ወሩ ዓመት ሆነ። ከዚያ ወዲያ ፖስታውን መስጠት ማለት ለምን እንዳዘገየሁት መናገር ማለት ነበር፣ እሱን ደግሞ ፈራሁ። አልከፈትኩትም፤ በዚህ እንኳ እመነኝ። ነገር ግን ሳላስበው ነው ብዬ አልሸነግልህም። ከሄደች ከማን ጋር እቀራለሁ ብዬ ነው። ብቻዬን መቅረት ፈርቼ ለራሴ አስቀረኋት። አንተ አነበበችው፣ እምቢ አለችኝ ብለህ ስምንት ዓመት ዝም አልክ፤ እሷ ረሳኝ ብላ ስምንት ዓመት ዝም አለች። መሀላችሁ ሆኜ ከሁለታችሁም ጋር ስስቅ የኖርኩት እኔ ነኝ።

ፖስታው ያን ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አንድ ቃል ቢጽፍልኝ ካለችኝ ጀምሮ ይዤው እዞር ነበር፣ ማውጣት ግን አቅቶኝ። አውጥቼ ሰጠኋት። ሁሉንም ነገርኳት፣ ሥዕሉ ለማን እንደሆነም አልደበቅኳት።

አልጮኸችም። ፖስታውን ገለባብጣ አየችው፣ የእጅ ጽሑፍህ ላይ አውራ ጣቷን አሳረፈች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፣ አንቺ ሞኝም አይደለሽ አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ሸራውንም ቀለሙንም እዚሁ ተዪውና ወደ ቤትሽ ሂጂ አለችኝ። ደረጃውን ግድግዳ ይዤ ወረድኩ።

አሥራ አንድ ቀን ድምፅዋን አልሰማሁም። ሥራ ክፍል አልመጣችም። እኔ በየቀኑ እየሄድኩ ብሩሽ አጥቤ፣ ያጠብኩትን ደግሜ አጥቤ እመለሳለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔ ግን ከነገርኳት ወዲያ ሁሉም ነገር ይበልጥ ጨለመብኝ። ለአንተ ልጽፍልህ ተቀምጬ ከሰላምታው አላልፍ አልኩ፤ አራት ወረቀት ቀደድኩ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የሥራ ክፍሉን በር ከፍታ ገባች። ሸራውን በብብቷ ይዛዋለች። ማቆሚያው ላይ አስቀመጠችው።

ዓይኖቹ ተሠርተዋል። የእጅ መስታወት ይዛ እሷው ራሷ ሠርታቸዋለች። ከግራ ዓይኗ ሥር አረንጓዴ ጥላ አለ፤ መቼም እሱን ሳትጨምር አትሞትም። ቀጥ ብለው ያያሉ። አልቅሰው ያበቁ ዓይኖች ናቸው፣ ጠግበው ያለቀሱ፤ ቁጣ የለባቸውም። ማን እንደሚያያት አውቃ ነው የሳለቻቸው። ይህን ሁሉ ዘመን ከዓይን ስጀምር ኖሬ እንዲህ ያለ ዓይን ሠርቼ አላውቅም። እውነቱን ልንገርህ፣ በዚያ ሁሉ ሐፍረት መሀል እንኳ ቀናሁባት። የቀረው የእኔ ሥራ፣ ወንበሩም መስኮቱም፣ ከዓይኖቹ ጋር ሲተያይ የምልክት ሰሌዳ ይመስላል።

ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም። ጠየቅኳት። ገና ነው፣ እስኪወጣልኝ ታገሺ አለችኝ። ከዚያ ሻይ አፍዪ አለች፤ አፈላሁ፤ ጠጣን። ደብዳቤህ ውስጥ፣ እኔ ቤት በሰሜን በኩል ሰፊ መስኮት ያለው ክፍል አለ፣ ለሠዓሊ የሰሜን ብርሃን እንደሚሻል ከእናንተ ስሰማ ነው የኖርኩት ብለህ ጽፈህላት ኖሯል። ያን ቤት ለቀቀው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አድራሻህ ከስምንት ዓመት በፊት ፖስታው ጀርባ ላይ ያለው እንደሆነ ነገርኳት። ብርጭቆዋን አስቀምጣ ራሷን ነቀነቀች።

ሥዕሉን በፖስታ ቤት ልልክልህ ካርቶን ሳዘጋጅ አየችኝና፣ ተይው አለች። ዓይኖቹ አልደረቁም፣ ዘይት ቀለም መሆኑን ረሳሽው ወይ፣ መንገድ ላይ ይበላሻል አለችኝ። ሸራውን በስንዝሯ ለካችው። ከዚያ ያንን ትልቁን ሻንጣሽን አውሺኝ አለች። ትምህርት ቤቱ በሁለት ሳምንት እንደሚዘጋም ነገረችኝ፣ እንዲያው ለወሬ ያህል።

ምንም አልጠየቅኳትም። ቤቴ ሄጄ ሻንጣውን ከቁም ሳጥን ላይ አወረድኩት፣ አቧራውን ጠረግኩ፣ ዚፑ እንዳይዛት በሻማ አሸሁላት። ያኔ የፈራሁት ቀን ይኸውና መጣ። ሆዴ ባብቷል፣ አልዋሽህም። ግን ሻንጣውን ያሰናዳሁት በገዛ እጄ ነው፤ በዚህ ትንሽ ተጽናናሁ።

አንተ ደግሞ ተቆጣ። እንደፈለግክ ተቆጣኝ፣ መብትህ ነው፤ ስልኩንም አታንሣልኝ። ብቻ አትርገመኝ፤ እናታችን የተወችልኝ አንተን ብቻ ነው። ፈጣሪ ልብህን ያራራልኝ፣ ጉልበትህን ያጽናልህ፣ በእኔ የጎደለብህን ዘመን በቀረው ይካስህ።

ያ የሰሜኑ ክፍል የመለኪያ ዕቃህ ማጠራቀሚያ ሆኖ እንደሁ አስለቅቀው። መስኮቱንም እጠበው፣ በደንብ።

የበደለችህ፣ ታናሽ እህትህ