በወይዘሮ ትርንጎ ይሻው ዕረፍትና በፊደላቸው ላይ ስለፈጸምነው በደል

ከደብረ ታቦር የታፔላ ጸሐፊዎችና የኅትመት ሠራተኞች ማኅበር ለአባላት፣ ለሙያ ባልደረቦችና ለሕዝብ የተሰጠ መግለጫ

የማኅበራችን መሥራች አባል ወይዘሮ ትርንጎ ይሻው ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ61 ዓመታቸው ማረፋቸውን የምናስታውቀው በከባድ ሀዘን ነው። ሀዘናችን ግን ብቻውን አልመጣም። ተናደናል። በማን እንደተናደድን በዚህ መግለጫ በግልጽ እንናገራለን፤ ከተናደድንባቸው የመጀመሪያዎቹም እኛው ነን።

ወይዘሮ ትርንጎ በ1957 ዓ.ም. እብናት ተወለዱ። በአሥራ አራት ዓመታቸው በአንድ የእህል መጋዘን ተቀጥረው በጆንያ ላይ የነጋዴዎችን ስም መጻፍ ጀመሩ። ቀለም ጆንያ ላይ ሲያርፍ ይሰፋል፤ ሆዱ ጠባብ የሆነ ፊደል ይደፈናል፤ ስሙ ካልተነበበ ደግሞ የአንዱ ጤፍ ሌላው ደጃፍ ይራገፋል። ስለዚህ የፊደሉን ሆድ ከፍተው፣ እግሩን አራርቀው፣ አንገቱን አሳጥረው መጻፍን ማንም ሳያስተምራቸው ለመዱ። ዛሬ ዘመናዊ እየተባለ የሚጨበጨብለት ቅርጽ የተወለደው እዚያ መጋዘን ውስጥ፣ እሳቸው አቧራ ላይ ተንበርክከው ሲጽፉ ነው።

በ1984 ዓ.ም. ወደ ደብረ ታቦር መጥተው ከአቶ አንዋር ሙስጠፋ ጋር የታፔላ መጻፊያ ቤት ከፈቱ። አቶ አንዋር ቆርቆሮውን ይቆርጣሉ፣ መደቡን ይቀባሉ፤ ፊደሉን ወይዘሮ ትርንጎ ይጽፋሉ። በከተማችን ለእንግዳ ሰው ፋርማሲውን፣ ወፍጮ ቤቱንና ልብስ ሰፊውን ሲያሳዩ የኖሩት የእሳቸው ፊደሎች ናቸው።

በ1991 ዓ.ም. ማኅበራችንን ከመሠረቱት ሰባት ሰዎች አንዷ ሆኑ። ሴት እሳቸው ብቻ ነበሩ። የማኅበሩን የመጀመሪያ ታፔላ የጻፉትም እሳቸው ናቸው፤ እስካሁን በራችን ላይ አለ።

በ1995 ዓ.ም. ሐሙሲት ለሚገኝ አንድ ምግብ ቤት ታፔላ ሲጽፉ የ«ሐ» መካከለኛ እግር በትክክል ቆርቆሮው የታሰረበት ብሎን ላይ አረፈባቸው። ብሎኑን መንቀል ስላልተቻለ እግሩን አሳጥረው ከብሎኑ በላይ አቆሙት። ውለው አድረው ሲያዩት ወደዱት፤ ከዚያ ወዲህ የጻፉት «ሐ» ሁሉ መካከለኛ እግሩ አጭር ነው። ይህን የምንጽፈው ለጨዋታ አይደለም፤ ወደ በኋላ እንፈልገዋለን።

ከ2003 እስከ 2014 ዓ.ም. ባሉት አሥራ አንድ ዓመታት፣ ከሥራ በተረፋቸው ሰዓት፣ ፊደሉን ከነቤተሰቡ በሠላሳ ሦስት ካርቶን ላይ ጽፈው ጨረሱ። ለባነር፣ ለመጽሐፍ፣ ለመድኃኒት ብልቃጥ፣ ዓይናቸው ለደከመ አዛውንትም የሚነበብ እንዲሆን አንዱን ፊደል ሃያና ሠላሳ ጊዜ እየቀደዱ ጽፈዋል። በየካርቶኑ ግርጌ በደቃቅ ጽሕፈት «ትርንጎ ይሻው ጻፈችው» ብለው ፈረሙ።

በሙያችን ታፔላ ጸሐፊ ስሙን በሥራው ላይ አያኖርም። ታፔላው የባለሱቁ ነው፤ ደንበኛ የሚፈልገውም ባለሱቁን ነው በሚል ልማዱ ቆይቶ በመተዳደሪያ ደንባችን አንቀጽ 7 ሆኖ ገብቷል። ካርቶኖቹ በማኅበሩ አዳራሽ ሊሰቀሉ ሲሉ ይህ አንቀጽ ተነሣ። ጥር 2015 ዓ.ም. አምስት አባላት ያሉት ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ተሰብስቦ፣ አራት ለአንድ በሆነ ድምፅ፣ ስማቸው ከካርቶኖቹ ላይ እንዲጠፋ ወሰነ። የተቃወሙት አቶ አንዋር ብቻ ነበሩ። ካርቶን ታፔላ እንዳልሆነ፣ ባለሱቅም እንደሌለው አቶ አንዋር አስረድተዋል። ሰማናቸው፤ ግን አልተቀበልናቸውም። በነጋታው ሠላሳ ሦስቱንም ፊርማ በነጭ ቀለም ደፈንን። ሥራው ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀብንም።

መስከረም 2016 ዓ.ም. ከዋና ከተማው አንድ የዲዛይን ድርጅት መጣ። ባለሙያዎቹ አዲስ መነሻ ሐሳብ ፍለጋ አገር እየዞሩ መሆናቸውን ነገሩን። ሻይ ጋበዝናቸው፣ አዳራሹን ከፈትንላቸው፣ ካርቶኖቹን ከግድግዳ እያወረድን ወደ ብርሃን ያዝንላቸው። ፎቶ አንሥተው ሲጨርሱ የማን ሥራ እንደሆነ ጠየቁ። የማኅበሩ ነው አልናቸው። የጻፉት ሴት ሁለት መንደር ወዲያ ማዶ፣ ብሩሽ በእጃቸው ይዘው፣ ሥራ ላይ ነበሩ።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ድርጅቱ ከካርቶኖቹ ቀድቶ «ደጋ» የሚል ፎንት፣ ማለትም የኮምፒውተር ፊደል፣ አወጣ። ተሸለመበት። ባሳተመው ጥራዝ ላይ ፊደሉ «ባለቤቱ ካልታወቀ የጥንት አባቶች ጥበብ» የተወሰደ መሆኑን፣ የ«ሐ» መካከለኛ እግር ማጠርም የአባቶችን ትሕትና እንደሚያመለክት ጽፏል። ማኅበራችን በዚህ አጋጣሚ ለድርጅቱም ለሸላሚዎቹም የሚያሳውቀው፣ ትሕትና አለመሆኑን ነው። ብሎን ነው። ብሎኑ ዛሬም ሐሙሲት አለ፤ ሄዶ ማየት ይቻላል። አባቶች የተባሉትም አንዲት እናት ናቸው። አገር ዞሮ ፎቶ ለማንሣት ጊዜ ያገኘ ድርጅት ከእኛ መልስ አልፎ አንድ ሰው ቁሞ ለመጠየቅ ጊዜ አለማግኘቱ ያሳፍራል። ሲጠየቅ በካርቶኖቹ ላይ ስም አላገኘሁም ብሎ መልሷል። እውነቱን ነው፤ ስሙን ያጠፋነው እኛ ነን። ይህ መልስ ነው ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበን።

ወይዘሮ ትርንጎ ነገሩን ያወቁት ጥር 2017 ዓ.ም. ይፋግ መንገድ ዳር በገዙት የውሃ ጠርሙስ ላይ የገዛ ፊደላቸውን ታትሞ አይተው ነው። ውሃውን ሳይጠጡ ጠርሙሱን ይዘው ወደ ቢሯችን መጡ፣ ጥራዙንም አስፈልገው አስነበቡን። እንዲህ ያለ መግለጫ የሰው ንግግር አያሰፍርም፤ ይህን ግን እናሰፍራለን። «ያልታወቀ ጥንት ብለው በቁሜ ቀበሩኝ። ሌላ አልጠይቃችሁም፤ የጻፈችው ትርንጎ ናት፣ በሕይወትም አለች ብላችሁ አንድ ደብዳቤ ስጡኝ» አሉን።

አንድ ደብዳቤ ነው የጠየቁን። ለዚህ ደብዳቤ ዘጠኝ ወር ፈጀን። በመጀመሪያ አንቀጽ 7 እያለ እንዴት እንመሰክራለን ተባለ። ቀጥሎ ጉዳዩ ለጠቅላላ ጉባኤ ይቅረብ ተባለ፤ ጉባኤው ለክረምት ተበተነ። ከዚያ ሰብሳቢው ሥልጠና ሄዱ፣ ማኅተሙ ተቆልፎበት ሰነበተ። ወይዘሮ ትርንጎ በየሳምንቱ ይመጡ ነበር። ሕመሙ ከጠናባቸው በኋላ ልጃቸው ወይዘሮ ዝናሽ ትመላለስ ጀመር። ወንበር ስበን እያስቀመጥን ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠርናት።

ወይዘሮ ትርንጎ ይሻው በሕይወት መኖራቸውን የሚመሰክረው ደብዳቤ ወጪ የሆነው ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። የተቀበሩት በዋዜማው ነው። ወጪ መዝገባችን ይህን እንዳለ ይዞ ይገኛል፤ እንዲታረምም አንፈቅድም።

ማኅበራችን የመቃብራቸውን ሠሌዳ በሙያው ሠርቶ ለማቆም ቤተሰቡን ጠይቆ ነበር። ወይዘሮ ዝናሽ አልፈቀደችም። ትክክል ናት። ሠሌዳውን በእናቷ ፊደል ራሷ ጽፋለች፣ ቆርቆሮውን የቆረጡላት አቶ አንዋር ናቸው።

ጠቅላላ ጉባኤው ጥቅምት 16 ቀን ባደረገው አስቸኳይ ስብሰባ አንቀጽ 7ን ሽሯል። ከካርቶኖቹ ላይ ነጩ ቀለም እንዲነሣም ተሞክሯል። ቀለሙ ሲላጥ ከሥሩ ያለውን ጽሕፈት ይዞት ይነሣል፤ ከሦስተኛው ካርቶን በኋላ አቁመናል። በሠላሳው ላይ ስማቸው ነጩ ሥር እንዳለ ይኖራል፤ በሦስቱ ላይ ጨርሶ ጠፍቷል። ድርጅቱ «ባለቤቱ ያልታወቀ» ያለውን ከጥራዙም ከፎንቱም አንሥቶ ስማቸውን እስኪጽፍ ድረስ ማኅበራችን በየመድረኩ ይጮኻል። በፎንቱ የምትገለገሉ መሥሪያ ቤቶችና አሳታሚዎችም ፊደሉ የማን እንደሆነ ከዛሬ ጀምሮ አላወቅንም ማለት አትችሉም።

ለልጃቸው ለወይዘሮ ዝናሽ፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት አብረዋቸው ለሠሩት ለአቶ አንዋር ሙስጠፋ፣ ለዘመዶቻቸውና ከእሳቸው ሙያ ለቀሰሙ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ለወይዘሮ ትርንጎ እግዚአብሔር ዕረፍተ ነፍስ ይስጥልን። እኛ ግን ከእናንተ መጽናናትን አንጠብቅም።

ማኅበራችን መግለጫ ሲያወጣ በማኅተም ብቻ ይዘጋል፤ የሰው ስም አይጻፍበትም። ይህኛው ማኅተም የለውም። ስማቸው እንዲጠፋ እጃችንን ያወጣን እኛ ነን፤

ደሳለኝ ሞላ፣ ሰብሳቢ
ጽጌ ዳኛቸው፣ ጸሐፊ
አስናቀ ዓይናለም፣ አባል
ሩቅያ ሰይድ፣ አባል

ደብረ ታቦር፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.