ወንበርህ ወደፊት ተገፋ

ለልጄ ለኦግኔን፦

ቅዱስ ኒኮላ በሄድክበት ሁሉ ይቅደምልህ፤ ከጀርመን ብርድም፣ አንተው ራስህ ከምትሠራው ወጥም ይሰውርህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ዶሮዎቹም ደህና ናቸው። የመኪናህ የፊት መብራት ግን ተሰብሯል። ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ የክርስትና አባትህን የሚሎራድን መኪና ከኋላዋ ሳም አደረግኳት። አንዴ ብቻ ነው፤ እንደኛ ወግ ሦስቴ አይደለም።

ሚሎራድ «በክርስትና ዝምድና መሀል ኢንሹራንስ አይገባም» ብሎ ተኮሳተረ። «ዝምድና መብራት አይገጥምም» ብዬ ደወልኩ።

የኢንሹራንሱ ሰውዬ መጥቶ መሪው ጋ ተቀመጠና፣ «እመቤቴ፣ እግርዎ ፍሬኑ ላይ ይደርሳል?» አለኝ።

«ተረከዝ ያለው ጫማ ሳደርግ።»

«ታዲያ ወንበሩን ለምን አያስጠጉትም?»

«እርስዎ መብራቱን ይዩ» አልኩት። ወንበሩ ስትሄድ አንተ በተውከው ቦታ ላይ ነበር እኮ። ከጀርባዬ ሁለት ትራስ ደርድሬ ነው ስነዳ የከረምኩት።

መካኒኩ መብራቱን ቀየረና፣ ሳልጠይቀው ወንበሩንም በኔ ልክ አስጠግቶ መለሰልኝ። አሁን ፍሬኑ እግሬ ሥር ነው። ቤት እስክደርስ ግን አለቀስኩ፤ ይህቺን ለሚሎራድ እንዳትነግርብኝ።

አምና በቤታችን ጠባቂ በቅዱስ ኒኮላ ቀን፣ የቤቱ ወንድ የሚቆርሰውን የበዓል ዳቦ ከቄሱ ጋር የቆረሰው ሚሎራድ ነው፤ ፍርፋሪውን ሁሉ ምንጣፌ ላይ በተነው። ዘንድሮ የቤቱ ወንድ መጥቶ ይቁረስልኝ። አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ ልቀበልህ እመጣለሁ፤ ከዚያ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍተህ አንተ ንዳ፣ እኔ ጎንህ እቀመጣለሁ። እስከዚያ እግዚአብሔር እነዚያን ረጃጅም እግሮችህን ይጠብቅልኝ።

እናትህ ያጎዳ