ለዘይነባ፦ አስትሮይዱን ለምን እንዳፈረስኩት

ዘይኔ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን።

ከተለየሽን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ ደብዳቤ አልጻፍኩልሽም፤ የምልሽን ሁሉ ሥራ ላይ ሆኜ በልቤ ስነግርሽ ቆይቻለሁ። ይህን ግን ተቀምጬ በሥርዓት ልጽፈው ይገባል። ከትናንት በስቲያ ላንቺ ከድንጋይ የካብኩትን አስትሮይድ በገዛ እጄ አፈረስኩት።

በቤት ያለውን ላስቀድም። ልጃችን ሐያት ደሴ ትምህርቷን ጀምራለች፣ በየጁምዓው ትደውላለች። የተከልሽው ማንጎ ዘንድሮ አፈራ፤ የመጀመሪያዎቹን ፍሬዎች ዝንጀሮ ቀደመኝ። የጣሪያውን ቆርቆሮ ቀይሬዋለሁ። እኔም ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ፤ ጉልበቴ ብቻ ዳገት ላይ ያጉረመርማል።

አንቺ ታውቂያለሽ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው እርከንና የግቢ አጥር ስክብ ነው የኖርኩት። ድንጋይ ሲተርፈኝ ከካቡ ጫፍ ላይ አንድ ነገር ካልጨመርኩ እጄ አያርፍም ነበር፦ ጠመዝማዛ፣ ክብ፣ የወፍ ጎጆ የሚመስል። ባለቤቶቹ «ይሄ ደግሞ ምን ያደርጋል?» ይሉኛል። አንቺ ግን ገና ሳንጋባ፣ ከምታስተምሪበት ትምህርት ቤት ስትመለሺ ቆመሽ አየሽና «ሌላም ሥራ» አልሽኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ እንደዚያ ያለኝ ሰው አልነበረም።

ስለ አስትሮይድ፣ በጠፈር ስለሚዞሩት ድንጋዮች፣ ያወቅሁት ሁሉ ካንቺ ነው። ልጆቹን ያስተማርሽውን ማታ ለኔ ትደግሚልኛለሽ። ሰው እነዚህ ድንጋዮች ጠፈር ላይ ተጨናንቀው የሚጋጩ ይመስለዋል፤ የተላኩት መንኮራኩሮች ግን ምንም ሳይነካቸው በመሃላቸው አልፈው ሄደዋል፣ ያን ያህል የተራራቁ ናቸው። በማርስና በጁፒተር መካከል ያሉት ሁሉ ቢሰበሰቡ የኛን ጨረቃ አያክሉም። አንዳንዱ ደግሞ የራሱ ትንሽ ጨረቃ አለው። እኔን ከሁሉ የገረመኝ ግን ብዙዎቹ አንድ ወጥ ድንጋይ አለመሆናቸው ነው። የስብርባሪ ክምር ናቸው፣ የያዛቸውም የራሳቸው ደካማ ስበት ብቻ ነው። ከአንዱ ላይ አፈር ሊያነሣ የወረደ መንኮራኩር ገጹ እንደ ገለባ ክምር ሊውጠው ነበር ስትዪኝ መዶሻዬን አስቀመጥኩ። «ታዲያ ያለ ጭቃ የተካበ ካብ ነዋ!» አልኩሽ። ሳቅሽብኝ። ከዚያ ጠመኔ አንሥተሽ ደጃፉ ላይ ሣልሽልኝ፦ መሃሉ ያበጠ፣ ላይና ታቹ የጠበበ፣ እንዝርት ላይ የተጠመጠመ ፈትል የመሰለ። «ይህን ሥራልኝ» አልሽ። ሳልሠራው ታመምሽ።

ጥር ላይ ጀመርኩት። ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ውኃው ቁልቁል ከሚታይበት ከኛ ጭንጫ መሬት ላይ። የሆዱ ነገር ነው ያስቸገረኝ። ሰማይ ላይ ያበጠ ሆድ አይወድቅም፤ እዚህ ይወድቃል። ወደ ውጭ የሚወጣ ድንጋይ ሁሉ ረጅም ጭራው ወደ ውስጥ ገብቶ በሌላ ክብደት መያዝ አለበት፤ ክብደቱም ከልክ ካለፈ መልሶ ይገፋዋል። ሁለት ጊዜ ተናደብኝ። ግንቦት ላይ ቆመ፤ ቁመቱ የኔን አንድ ተኩል ይሆናል።

ሰኔ ላይ አንድ መንገደኛ ተንጠራርቶ አንዲት ድንጋይ ጫፉ ላይ አኖረ። በመንገድ ዳር ክምር ድንጋይ ያየ ሰው አንድ ሳይጨምር አያልፍም፣ እኛ አገር እንዲያ ነው። በማግሥቱ አምስት ሆኑ። ቀጥሎ ለምለም ሳር መጣ፣ ቀጥሎ ቅቤ። ሐምሌ ሲገባ ሰው ስለት እየተሳለበት ነበር። የመስጊዳችን ሼህ ጠርተውኝ «የቄሱ ሰዎች ናቸው የጀመሩት፣ አንድ ነገር በላቸው» አሉኝ። በዚያው ሳምንት ቄሱ መንገድ ላይ አስቁመውኝ «የሼሁ ሰዎች ናቸው ያመጡት፣ አንተ ሰው፣ ተዉ በላቸው» አሉኝ።

ዝም አልኩ። ዘይኔ፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለዚህ ዝምታ ነው። ከሚሳሉት አንዳንዶቹ «የመምህርቷ ቦታ» ይሉት ነበር። ያንን ስሰማ የሚጨመረው ድንጋይ ሁሉ ላንቺ የተሰጠ መሰለኝ። ደስ አለኝ። ክብደቱን ማስላት የምችለው እኔ ብቻ ሆኜ፣ ሳላሰላ ክረምቱን አሳለፍኩት።

ከትናንት በስቲያ የገበያ ቀን ነበር። ወደ ግሸን የሚሄዱት አውቶቡሶችም ማለፍ ጀምረዋል፣ ለእረፍት ሲቆሙ የሚወርደው ሰው ብዙ ነው። ጠዋት ሄጄ መዳፌን ሆዱ ላይ ሳሳርፍ በውስጡ ድንጋይ ሲፋጭ ተሰማኝ። ከመሃል የሰካኋቸው ሁለት ጠጠሮች ተፈናጥረው መሬት ላይ ወድቀዋል። በወዲያኛው ጎን ደግሞ ጎረቤታችን እትዬ ፋጤ ሆዱ ሥር ጥላ ይዘው ጀርባቸውን አስደግፈው ተቀምጠዋል።

«እትዬ ፋጤ፣ ይነሡ፣ ሊወድቅ ነው።»

«ልጄን ካረብ አገር በሰላም ያስገባልኝ እኔ ላይ ይወድቃል? ኧረ ባላህ ተወኝ!»

«እሱ ማንንም አላስገባም። እኔ የካብኩት ነው። አስትሮይድ የሚባለው ነው።»

«ምን የሚባለው?»

ከኋላ አንዱ «የሰማይ ድንጋይ ነው የሚለው» አለ። «ከሰማይ ነው እንዴ የወረደው!» አለች ሌላዋ። ሳልናገር የቆየሁትን ስናገር ጭራሽ ሦስት ሰው ሊነካው ተጠጋ። እየሰማሁት ነው፣ ውስጡ ይፋጫል።

«አልወረደም!» ብዬ ጮህኩ። «ከእንድሪስ ማሳ በአህያ ያመጣሁት ነው! ሚስቴ የነገረችኝን ቅርፅ ነው የሠራሁት፣ ሌላ ምንም የለበትም። ራቁ!»

ሰዉ ቆመ። እትዬ ፋጤ ቀና ብለው አዩኝ። «ታዲያ ክረምቱን ሙሉ ሳር ስንጎዘጉዝ እያየህ ዝም ያልከን ለምንድን ነው?»

እውነቱን ነገርኳቸው። እሷን ያከበራችኋት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነው አልኩ።

እትዬ ፋጤ በክንዴ ተደግፈው ተነሡ። «እሷን ማክበር ከሆነ ቤትህ መጥተን ፋቲሃ እንቀራላት ነበር፣ አንተ የማትረባ። ለዚህ ምን ድንጋይ አስጎተተን?» አሉና ከሥሩ፣ ከቅቤው ጎን የነበረችውን የራሳቸውን ድንጋይ ለቀም አድርገው ሄዱ።

ሰዉን ከመንገዱ ማዶ አሻገርኩና መሰላል አቆምኩ። ማንም እንዲያግዘኝ አልፈቀድኩም፤ የትኛው ድንጋይ የትኛውን እንደያዘ የማውቀው እኔ ነኝ። ከላይ የተጨመረውን አንድ በአንድ አወረድኩ። ዐሥራ አንደኛው ላይ መሰላሉ ተንቀጠቀጠ። ዘልዬ ወረድኩ፣ ሮጥኩ። ሆዱ ተተረተረና በወዲያኛው ጎን ዘረገፈው፤ እትዬ ፋጤ ከተቀመጡበት ላይ። ሳሩም አልታይ አለ።

ማታ ለሐያት ነገርኳት። አልተቆጣችኝም። ጠፈር ላይም ግጭት የበታተነው ስብርባሪ ቀስ እያለ መልሶ ይሰበሰባል፣ የድሮውን ቅርፅ ግን አይዝም አለችኝ። የማን ልጅ እንደሆነች በድምፅዋ አወቅሁ።

ጥቅምት ላይ መሬቱ ሲደርቅ እንደገና እጀምራለሁ፣ ኢንሻአላህ። ከወገቤ የማያልፍ ይሆናል። ሲካብም ሲያልቅም አጠገቡ እሆናለሁ፤ ድንጋይ ይዞ የሚመጣውን ሁሉ አስቆሜ ምን እንደሆነ፣ ማን እንዳስተማረችኝ፣ የት ታስተምር እንደነበር፣ ስትስቅ እንዴት እንደነበረች ሳልነግረው አላሳልፈውም። እስከ ዛሬ ያስታወስኩሽ ዝም ብዬ ነበር፣ ዝምታዬም ሰው ሊገድል ነበር። ከእንግዲህ እየተናገርኩ አስታውስሻለሁ።

አሏህ ይዘንልሽ።

ሁሴንሽ