የቀኝ እግርህ ሸበጥ

ሙዝደሊፋ፣

ይህን በሩ ላይ የለጠፍኩት ከኔ ቀድመህ ከተመለስክ እንድታየው ነው። ስልክህን ቻርጅ ላይ ትተኸው ስለሄድክ ልደውልልህ አልቻልኩም።

ባጃጇን አስነስተህ ከወጣህ በኋላ የቀኝ እግርህን ሸበጥ ደጃፉ ላይ አገኘሁት። ከእግርህ ሲወልቅ አልተሰማህም ማለት ነው።
ፍሬኑን የምትረግጠው ደግሞ በዚያው እግር ነው።

ወገብህን ማመም ከጀመረህ ሦስት ወር ሆኖሃል። ስንት ጊዜ ነገርኩህ! አንድ ሰው ልጨምር ብለህ ጎንህ ታስቀምጥና ቀኑን ሙሉ ተጣመህ፣ በግማሽ መቀመጫ ትነዳለህ።

ግን ትላንት "ባዩ፣ እስቲ ወገቤን ርገጥልኝ" ስትለኝ እምቢ ማለት ነበረብኝ። በሁለት እግሬ ቆምኩብህ። ቋ ሲል ሁለታችንም ሰማን። አንተ "እሰይ፣ ተፈታልኝ!" ብለህ ሳቅክ።
እኔ ደነገጥኩ። እግርህ የደነዘዘው ከዚያ ይመስለኛል።

አሁን መናኸሪያው በር ላይ፣ ተራ የምትይዝበት ቦታ ልፈልግህ መሮጤ ነው። ከተላለፍን ባጃጇን ድጋሚ እንዳታስነሳት። የውሃውን ጄሪካንም እንዳታነሳ፣ በጎንህ ተኛና ጠብቀኝ። ሽንት እምቢ ካለህ ግን ነርቭህ ተጎድቷል ማለት ነውና እኔን አትጠብቅ፤ ጎረቤት ጥራና ቶሎ አታት ሆስፒታል ይውሰዱህ። ወጌሻ ጋ እንዳትሄድ። የኔ መርገጥ ይበቃል።

ሸበጡን ይዤዋለሁ።
ሳገኝህ መጀመሪያ እግርህን ነው የምቆነጥጥህ። በአላህ ይዤሃለሁ፣ አመመኝ ብለህ ጩህብኝ።

ባዩ