ከኋላ ጎማው አጠገብ ያሉት እግሮች

ውድ ጀላል፣

ስሜን ፖስታው ላይ ስታይ ለመቅደድ አትቸኩል፤ አንብበህ ቅደደው። አድራሻህን የሰጠኝ ወንድምህ ሙንዲር ነው፤ አዲሱ ገበያ ሱቁ ድረስ ሄጄ ለምኜው። «ኮምቦልቻ ስልክ የለም እንዴ? ደውልለት እንጂ!» ብሎ ሳቀብኝ። በስልክ መዋሸት እንደሚቀናኝ አያውቅማ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ኪያ ያቺን የመኪናችንን ፎቶ ከሳጥኔ ውስጥ አግኝታ ፌስቡክ ላይ አወጣቻት። ሰው በእጁ የሠራቸውን መኪኖች በአሮጌ ፎቶ እያዩ «ይቺ ምንድን ናት? የማን እጅ ናት?» የሚባባሉ ሰዎች አሉ አለችኝ። ሥራ ፈቶች! አልኩ። ወይ ጉድ፣ ዐይናቸውን ባየህ! መብራቷን የቮልስ፣ በሯን የፊያት አሉ። ኮፈኗን አጉልተው አይተው ከዘይት በርሜል ተቀጥቅጦ እንደወጣ ነገሩኝ። በርሜሉን ቁስቋም ዳገት ሥር ስትቀጠቅጥ ጎረቤቱ ሁሉ ሲረግመን ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ።

ፎቶው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፤ መሪ ጨብጬ፣ ክርኔን በመስኮት አውጥቼ፣ ሚኒስትር መስዬ። «የሠራኋት እኔ ነኝ» ብዬ አስጻፍኩ። በቃ፣ ምስጋናው ጎረፈ። «ጋሽ ኡርጌሳ፣ እጅዎ ይባረክ!» አሉኝ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽህም።

በማግስቱ ሮዳስ የምትባል ልጅ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ፊቷ ቀሎ ቀና ብሏል፤ ሞተር ገና አልገባላትም። ከኋላ ጎማው አጠገብ ደግሞ ሁለት እግር ይታያል፤ አንዱ ጫማ የለውም። የሚገፋት ሰው ማን ነው?»

ኪያ ዞር ብላ «አባዬ፣ ማን ነው?» አለችኝ።

«እንጃ፣ መንገደኛ ይሆናል» አልኳት።

አንተን መንገደኛ አልኩህ፣ ጀላል። ፎቶ አንሺው ሲመጣ «የምትሄድ ትምሰል፣ አንተ ግባ» ብለህ ጎንበስ ብለህ የገፋሃት አንተን። ጫማህ ጭቃው ውስጥ ሲቀር እንኳ አላቆምክም። ኋላ ሞተሩ ገብቶ ቀበሌው ሲሸልም የእኔን ስም ብቻ ጠሩ፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። አንተ ቆመህ አጨበጨብክ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በወሩ ሰፈር ለቀህ ኮምቦልቻ ስትሄድ «ቀንቶብኝ ነው» ብዬ አወራሁ። ማርያምን፣ የቀናሁት እኔ ነኝ። ላሜራ በእጅህ እንደ ሊጥ ይታዘዝ ነበር፤ እኔ ብሎን ከማጥበቅ በቀር ምን ሠራሁ? የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ ይኸው አርባ ዓመት አጥልቄው አየሁት።

አሁን የፌስቡኩ ሰዎች ፎቶዎቹን በትልቁ አትመው ለሕዝብ ሊያሳዩ ነው። ከእያንዳንዱ ሥር የሠሪው ስም ይጻፋል፤ እስከ ዓርብ ላኩ ብለዋል። ያ ስም ከተጻፈ በኋላ ማን ያርመዋል? ሁለት ቀን እህል አልወረደልኝም። በመጨረሻ ኪያን አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ልጅ አባቷን እንደዚያ ስታየው አያሳይህ። «ይቅርታውን እኔን ነው እንዴ የምትጠይቀኝ?» አለች። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ያ ጥያቄዋ ነው።

ፌስቡኩ ላይም እውነቱን አስጻፍኩ። የሰደበኝ ብዙ ነው፤ ይበለኝ። ከፎቶው ሥር የሚጻፈውንም ልከናል፦ «ሠሪዋ ጀላል፣ ከኋላ የሚገፋው።» ኪያ «አንተስ ምን ተብለህ ትጻፍ?» ስትለኝ ነገርኳት፤ ከዚህ ደብዳቤ ግርጌ ታነበዋለህ።

ና አልልህም፤ የበደለ ነው የሚሄደው። በሚቀጥለው እሑድ ኮምቦልቻ እመጣለሁ። ባትከፍትልኝ አልቀየምህም፤ ደጅህን ስሜ እመለሳለሁ።

ረዳትህ፣
ኡርጌሳ
ጉለሌ