ቡና ማስጫው ላይ ያሰመርኩት ሜዳ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ ለሳምሶን ሀብተ ማርያም፤ ካምፓላ።

ጋሼ፣ እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ እንዴት ነው? አሁንም መኪናው ወንበር ላይ ትራስ ደራርበህ ነው የምትነዳው? ባለቤትህ ማዕረግ ደህና ናት? ሃሌሉያስ አደገች? አማርኛዋን እንዳትረሳ ንገራት፤ ስትመጣ ከወንድሜ ልጅ ጋር በእጅ ምልክት ማውራት አልፈልግም። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ጤነኛ ናት፤ ዝናብ ሲሆን ብቻ ጉልበቷን ያማታል። ቦንጋ ደግሞ ዝናብ የሌለበት ወቅት ስለማታውቅ ነገሩን አንተው ጨርሰው።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። የካምፓላው ቴኒስ ክለብ ሥራ አስኪያጅ እዚያ ለፍጻሜ የደረስኩበትን ውድድር አስታውሶ «ያቺ በግራ እጇ የምትመታው ኢትዮጵያዊት የት ደረሰች?» ማለቱን፣ አሰልጣኝ አድርጎ ሊቀጥረኝ መፈለጉንም ሳነብ፣ አልዋሽህም፣ አለቀስኩ። «ያን ሁሉ ዓመት ለፍተሽ ቦንጋ ልትቀበሪ ነው ወይ?» ያልከውንም አንብቤዋለሁ። መልሴን በአንድ ቃል ልጽፍልህ እችል ነበር። ግን ሰሞኑን የሆነውን ሳታውቅ ብትሰማው ስለምትቆጣ መጀመሪያ እሱን ልንገርህ።

አንተ ስለ እኔ ስታወራ የሰማ ሰው ዋንጫ በጆንያ የሰበሰብኩ ይመስለዋል። አባባ አዲስ አበባ ተዛውሮ እዚያ ያለው ቴኒስ ክለብ አጥር ሥር ባንኖር፣ አንተም ኳስ ለቀማ ስትሄድ አስከትለህ ባትወስደኝ ኖሮ ራኬት የሚባል ነገር በእጄ አልነካም ነበር። ከዚያ በኋላ ናይሮቢ፣ ካይሮ፣ ሌጎስ፣ ዳሬሰላም ዞርኩ። በቴኒስ እንጀራዬን በልቻለሁ፤ አላፍርበትም። አብዛኛውን ጊዜ ግን በመጀመሪያው ዙር እሸነፍና ላብ የጠጣ ልብሴን ሆቴል ውስጥ አጥቤ፣ ሳይደርቅ ሻንጣ ውስጥ ከትቼ ወደሚቀጥለው አገር እሄዳለሁ። ሳሸንፍም አብሮኝ የሚደሰት አልነበረም። ትከሻዬ አልታዘዝ ብሎ ሐኪሙ «በቃሽ» ሲለኝ ያዘንኩት ለጨዋታው ብቻ አልነበረም። ያን ሁሉ አገር ዞሬ አንድም ቦታ የእኛ ናት የሚለኝ ሰው ሳላገኝ ማለቁ ነበር ያንገበገበኝ።

አምና እዚህ ስመለስ ስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ልጃገረዶች እንዳሰለጥን ጠየቀኝ፤ ሜዳ ግን አልነበረውም። መሬት ደልድለን ብንሞክር ጭቃው ኳሱን እየያዘ አስቸገረን። በኋላ ከከተማው ወጣ ብሎ የገበሬዎች ማኅበሩ ቡና የሚያሰጣበት ሰፊ ሲሚንቶ አየሁ፤ ቡና እስኪደርስ ባዶውን ነው የሚከርመው። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ «ተጫወቱበት፤ ቡናው ሲመጣ ግን ትለቃላችሁ» ብለው ፈቀዱልኝ። የተቀደደ የመረብ ኳስ መረብ ዝቅ አድርገን ወጠርን። ልጆቹ ከነዩኒፎርማቸው ከትምህርት ቤት እየሮጡ ይመጡ ጀመር። ኑኃሚን የምትባለውን ሰርቭ ስትመታ ብታያት፣ አንተ ሰርቭ ነው እያልክ ትመታ የነበረውን ነገር ሁለተኛ አታነሳውም።

ከዚያ አበላሸሁት። መስመሩን በኖራ ስናሰምረው ዝናቡ በማግስቱ ያጥበዋል። እኔ ደግሞ እንደ ናይሮቢው ሜዳ ነጭ ካልሆነ ብዬ በዘይት ቀለም ደርቤ ደራርቤ ቀባሁት። ሲያምር! ጥቅምት ላይ እሸቱ ቡና ተለቅሞ እዚያው ላይ ተሰጣ። ፀሐይ በወጣ ቁጥር ቀለሙ ይሞቃል፤ ቡናው ሽታውን ይጠጣል። ቡና ያገኘውን ሽታ ሁሉ እንደሚስብ እዚህ ሕፃን ልጅ ያውቃል። የቡና አገር ልጅ ሆኜ እኔ ብቻ ዘነጋሁት። ከጅማ የመጣው ነጋዴ ከነገለባው የደረቀውን ጀንፈል በመዳፉ አፍሶ አሸተተና «ይሄማ ጋራዥ ጋራዥ ይላል» ብሎ ትቶት ሄደ። የባሰው ደግሞ የእትዬ አልጣሽ ቡና ነበር። ትውልዳቸው እዚሁ ከፋ ውስጥ ዋጫ ነው፤ ባላቸው ሞተውባቸው ብቻቸውን ልጆች የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከልጆቹ ጋር ቀለሙን በብረት ስንፍቅ፣ ቡናውን ከመሬት ከፍ ወዳለ የሽቦ ማስጫ አልጋ አዛውረን ስናገላብጥ ከረምን። ባለፈው እሁድ ማኅበሩ ስለ ሜዳው ሊወስን ተሰበሰበ። ይቅርታ ጠየቅኩ። እማዬም ተነሥታ «የእንሰት ቃጫ በየጓሮው ሞልቶ ቀለም ምን አስፈለጋችሁ? ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ጎንጉኑና ለመስመር ወጥሩት፤ ቡናው ሲደርስ ጠቅልላችሁ አንሡት» አለች። ሁሉም ወደዱት። ነገሩ አለቀ ስል አቶ ገብረሚካኤል የሚባሉ ሽማግሌ «ገመዱስ ይሁን። ይቺ ልጅ ግን አገር ላገር ስትዞር የኖረች ናት። ልጆቻችንን አስጀምራ ነገ ብትጠፋ ማንን እንይዛለን? ዋስ ትጥራ» አሉ። ጋሼ፣ መዋሸት አልሆነልኝም። ወንድሜ ካምፓላ ሥራ አግኝቶልኛል፤ መልስ ግን ገና አልሰጠሁም ብዬ ተናገርኩ።

ቤቱ ተንጫጫ። እማዬ ዋስ ልሁን ብትል እናት ለልጇ ዋስ አትሆንም፣ የማኅበሩ አባል መሆን አለበት ብለው አስቀመጧት። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ እንኳ አንገታቸውን ደፉ። በቃ፣ አበቃልኝ ብዬ ልወጣ ስል እትዬ አልጣሽ ከኋላ ተነሡ። «አልተቀየምኳትም አልልም፤ ተቀይሜአለሁ። ግን ጠዋት ቡናዬን ለማየት ስመጣ ቀድማኝ ደርሳ ስታገላብጥ አገኛታለሁ። ልቡ የሸፈተ ሰው እንዲህ አይለፋም። ዋሷ እኔ ነኝ» ብለው ወረቀቱ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። እኔ እዚያው ቆሜ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ።

አሁን ሽታው እየለቀቀ ነው፤ ቡናቸውን ለአገር ውስጥ ገበያ የሚገዛ ሰው ተገኝቷል። በሚቀጥለው ወር ልጆቹን ይዤ ለክልሉ ውድድር ሐዋሳ እወርዳለሁ። በመጀመሪያው ዙር ቢሸነፉም የሚያቅፋቸው አለ።

ስለዚህ ጋሼ፣ አልመጣም። ሥራ አስኪያጁን ስላልረሳኝ እጅ ነሥታለች በልልኝ። አንተም አትቆጣ፤ ዕድሜ ልኬን ብጠፋ የሚጠየቅልኝ ሰው አልነበረም፣ አሁን አለ።

ማዕረግን ሳምልኝ፤ የላከችልኝ ሹራብ ልክክ ብሎኛል። ሃሌሉያን ጉንጯን ቆንጥጠህ ሳምልኝ። እማዬ ወገብህን በሞቀ ጨርቅ እሰረው ብላሃለች። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስም ጤና ይስጥህ ብለዋል። እትዬ አልጣሽ ደግሞ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጠው ምን እንደምልህ ሲጠይቁኝ ነገርኳቸው፤ «ወንድምሽ ከናፈቅሽው እሱ ይምጣ በይው» ብለውሃል።

የምትወድህ እኅትህ
ብርቅዬ ሀብተ ማርያም
ቦንጋ፣ ጥር 7 ቀን 2001 ዓ.ም.