ንፍፊቷን በአዝራር ስለካ

የምወድሽ እትዬ፣

ጤናሽ እንደምን ነው? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ? የባለቤትሽ ወገብ፣ የልጆችሽ ሳል፣ ሁሉም ደህና ነው? እኛ በፈጣሪ ቸርነት ደህና ነን። ደብዳቤዬ የዘገየው በልጄ አንገት ምክንያት ነው። አትደንግጪ፣ መጨረሻው ጥሩ ነው።

ከሦስት ወር በፊት ጸጉሯን ሳበጥር ከመንጋጋዋ ሥር ንፍፊት አገኘሁ። ወንድሟን ትኩሳት ሲይዘው «ነገ ይሻለዋል» እያልኩ ካጣሁት ወዲህ ነገ የሚባለውን ቀን አላምነውም። ጤና ጣቢያ ስወስዳት ነርሷ ግን ሁለት ሳምንት ጠብቂ አለችኝ። ልብስ ሰፊ ስትጠብቅ ምን ታደርጋለች? ትለካለች። በየጠዋቱ አዝራር እያስጠጋሁ ጻፍኩ፤ መጀመሪያ የሸሚዝ፣ በሳምንቱ የቀሚስ፣ በሁለት ሳምንቱ የኮት አዝራር አከለ። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ዳሰሰ። አከራዬማ ጫን ጫን አድርጋ «ጠንካራም ነው፣ ለስላሳም ነው» ብላ ፈረደች።

ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሙ «ምን ያህል አደገ?» ቢለኝ አዝራሮቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩለት። አየ፣ አየና «እናት፣ ከጋውኔ የጎደለው ይሄኛው ነው» አለኝ። ወዲያው መርፌ አውጥቼ ተከልኩለት። ከዚያ ሌሊት ያልባታል ወይ፣ ከስታለች ወይ፣ ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ብብቷንና ሆዷን ዳሰሰ፣ ደም አስመረመረ፣ ደረቷን ራጅ አስነሳ። ሁሉም ደህና። በመጨረሻ አፏን ቢያስከፍታት የተበላ መንጋጋ ጥርስ! ያቺ ምላሰኛ እንዳይነቀልባት ስትደብቀው ኖራለች።

ጥርሱ ተነቀለ። «ካልቀነሰ ከንፍፊቱ ናሙና እንወስዳለን፤ እስከዚያ እጅዎን ከአንገቷ ያንሱ፣ ከነካኩት አይጠፋም» አለኝ ሐኪሙ። ልጄ ይህን ሰምታ ፖሊስ ሆነችብኝ። እጄን ባነሳሁ ቁጥር «እማዬ፣ ለዶክተሩ እነግራለሁ!» ነው።

በወሩ ስንመለስ ንፍፊቱ በጣት ተፈልጎ የሚገኝ ሆኗል። ያኔ ደፍሬ የወንድሟን የሕክምና ወረቀት ከቦርሳዬ አወጣሁ። ቀስ ብሎ አነበበውና «በመጀመሪያው ቀን ቢያመጡትም ማዳን አንችልም ነበር። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም» አለኝ። ሁለት ዓመት የተሸከምኩትን እዚያ ወንበር ላይ ትቼው ወጣሁ። ለካ ጃንጥላዬንም ረስቼ ነበር፤ ተመልሼ እሱን ብቻ አመጣሁ።

ባለቤትሽን ወገብህን አደራ በይልኝ። ትልቋን ልጅሽን ሳሚልኝ። ትንሹን አክስትህ ጥርስህን አሳየኝ ብላሃለች በይው። ልጄ አንገትሽን አቅፋ ትስምሻለች።

ታናሽ እህትሽ

ከስፌት መኪናዬ አጠገብ፣ ጥር 14 ቀን